ከጆሮ በፊት ዓይን፦ የሙዚቃ ሽፋን ታሪክ

የተቀዳ ሙዚቃ ከሌላ ሸቀጥ የሚለይበት አንድ ችግር ነበረበት፤ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አይሰማም። ጨርቅ ዳስሰው ይገዙታል፣ ቡና አሽትተው ይመርጡታል፤ ሸክላ ግን ማጫወቻው ላይ እስኪወጣ ድረስ ከጎረቤቱ ሸክላ የማይለይ ጥቁር ክብ ነው። ነጋዴዎች ይህን ጉድለት በሥዕል፣ በቀለምና በፊደል መሸፈን የጀመሩት ገና ንግዱ ሲጀመር ነው። ሥዕሉ ዘፈኑ ምን እንደሆነ ብቻ አልተናገረም፤ ዘፈኑ የማን እንደሆነ፣ ማንስ ገዝቶ ቤቱ ሊያስገባው እንደሚገባ አብሮ ወሰነ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1899 እንግሊዛዊው ሠዓሊ ፍራንሲስ ባሮ ለንደን ወደሚገኘው የግራሞፎን ኩባንያ ጎራ አለ። ኒፐር የተባለ ውሻ ከድምፅ ማጫወቻ ቀንድ ፊት ቁጭ ብሎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ የሚያሳይ ሥዕል ሠርቶ ነበር። ሥዕሉ ላይ ያለው ማጫወቻ የተፎካካሪው የኤዲሰን ዓይነት ሲሆን፣ ባሮ የመጣውም ለሥዕሉ ድምቀት የሚሆን የነሐስ ቀንድ ለመዋስ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ማጫወቻውን አጥፍቶ የእነርሱን ግራሞፎን ቢሥልበት እንደሚገዙት ነገረው። ባሮ እንደተባለው አደረገ፤ ለሥዕሉና ለመብቱ በድምሩ 100 ፓውንድ ተከፈለው። «የጌታው ድምፅ» የተባለው ይህ ምስል ብዙም ሳይቆይ ለአሜሪካው የቪክተር ኩባንያም መለያ ሆነ። ማንበብ የማይችል ገዥ እንኳ ውሻውን አይቶ ሸክላውን ይለያል። ዘፋኝም ዘፈንም ሳይጠቀስ አንድ ምስል ብቻውን «ይህ እውነተኛ ድምፅ ነው» የሚል ቃል ገባ፤ ለዚህ ሁሉ የተከፈለው 100 ፓውንድ ርካሽ ነበር።

ቪክተር በ1903 ሌላ ዘዴ ጨመረ። በታላላቅ የኦፔራ ዘፋኞች ሸክላ መሃል የሚለጠፈው ክብ ወረቀት ቀይ ሆነ፤ ተራው ዘፈን ጥቁር ወረቀት ይዞ ቀረ። ባለቀዩ ዋጋው በጣም የከበደ ነበር። በተከታዩ ዓመት ኤንሪኮ ካሩሶ ለኩባንያው መቅዳት ሲጀምር የቀዩ ወረቀት ክብር ጸና። ኦፔራ የማይገባው ባለጠጋም ቢሆን እንግዳ ሲመጣ ቀዩን ሸክላ ማጫወቻው አጠገብ ማስቀመጡ አይከፋውም ነበር፤ ቀለሙ የቤቱን ደረጃ ይናገርለታል።

ገዥን ከገዥ መለየቱ ደረጃን በማሳየት ብቻ አላቆመም፤ ወደ ዘር ልዩነትም ገባ። በ1920 ማሚ ስሚዝ ለኦኬ ኩባንያ የዘፈነችው «ክሬዚ ብሉዝ» ባልተጠበቀ ብዛት ተሸጠና የአሜሪካ ኩባንያዎች ጥቁሮች ምን ያህል ሸክላ እንደሚገዙ ተረዱ። ወዲያው «የዘር ሸክላዎች» የተባለ የተለየ ካታሎግ ማዘጋጀት ያዙ። ማስታወቂያዎቹ እንደ «ቺካጎ ዲፌንደር» ባሉ የጥቁሮች ጋዜጦች ይወጡ ነበር፤ ፓራማውንት የተባለው ኩባንያም የዘፈኑን ታሪክ በቀልደኛ ሥዕል እያጀበ ያቀርባል። በደቡብ ገጠር ለሚኖሩት ነጮች ደግሞ የገጠር ኑሮ ሥዕል ያለበት ሌላ ካታሎግ ተሠራላቸው። ሙዚቀኞቹ ግን አንዱ ከሌላው ዜማ እየወሰደ ይጫወት ነበር። በድምፅ ተቀላቅሎ የኖረውን ወረቀት ለየው። «የዘር ሸክላ» የሚለው አጠራር «ቢልቦርድ» ከተባለው መጽሔት የደረጃ ሰንጠረዥ የተነሣው በ1949 ነው፤ ክፍፍሉ ግን ስሙን ቀይሮ ቀጠለ።

እስከ 1930ዎቹ መጨረሻ ድረስ የሸክላው መያዣ ራሱ ባዶ ነበር። ነጠላ ሸክላ በቡናማ የወረቀት ከረጢት ይሸጣል። ረጅም ሥራ ብዙ ሸክላ ስለሚፈጅ እንደ ፎቶ አልበም በተጠረዘ መያዣ ይቀርባል፤ መያዣው ግራጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ርእሱ ብቻ ይታተምበታል። የሙያው ሰዎች «የመቃብር ድንጋይ» ይሉት ነበር። በ1939 ኮሎምቢያ ሪከርድስ አሌክስ ስታይንዋይስ የተባለውን የብሩክሊን ልጅ ቀጠረ፤ ዕድሜው ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ስታይንዋይስ ከአውሮፓ በመጣ የፖስተር ጥበብ የተቃኘ፣ ጆሴፍ ቢንደር ለተባለ ኦስትሪያዊ የፖስተር ሠዓሊ ረዳት ሆኖ የሠራ ነው። የመንገድ ፖስተር አላፊ አግዳሚውን በአንድ እይታ መያዝ አለበት፤ የሙዚቃ መያዣስ ለምን አይይዝም? አለቆቹ የኅትመት ወጪው አሳስቧቸው ቢያመነቱም ጥቂት ሽፋኖችን እንዲሞክር ፈቀዱለት።

የመጀመሪያው በ1940 የወጣው የሮጀርስና የሃርት ዘፈኖች ስብስብ ነበር። ስታይንዋይስ የብሮድዌይ ቲያትር ቤት ባለቤትን አግባብቶ በደጃፉ የመብራት ሰሌዳ ላይ የአልበሙን ርእስ አጻፈ፤ ያንን በሌሊት ፎቶ አስነሥቶ ሽፋን አደረገው። ገዥው ሙዚቃውን ሳይሰማ ቲያትር ቤት በር ላይ የቆመ ያህል ሆነ። ብሩኖ ቫልተር የመራው የቤትሆቨን «ኤሮይካ» ሲምፎኒ በአዲስ ሽፋን ሲወጣ ሽያጩ በ895 በመቶ ማደጉን «ኒውስዊክ» መጽሔት ዘገበ። ሙዚቃው ያው፣ ሸክላውም ያው ነው፤ የተለወጠው ወረቀቱ ብቻ ነበር። ከዚህ ቁጥር በኋላ ስለ ኅትመት ወጪ የሚከራከር አለቃ አልቀረም።

በ1948 ኮሎምቢያ ብዙ ዘፈን የሚይዘውን ረጅሙን ሸክላ አወጣ። ወፍራሙ የወረቀት ከረጢት የአዲሱን ሸክላ ጥቃቅን መስመሮች ስለሚጎዳ ስታይንዋይስ ሥዕል የተለጠፈበትን ስስ የካርቶን ሽፋን ቀረጸ። ጎንና ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነው ይህ አራት ማዕዘን ለሚቀጥሉት 40 ዓመታት የሙዚቃ ፊት ሆነ። ተፎካካሪው አርሲኤ ቪክተር በ1949 ትናንሾቹን ሸክላዎች ሲያወጣ ፕላስቲኩን ራሱን ቀለም ነከረው፤ ክላሲካሉ ቀይ፣ የገጠሩ አረንጓዴ፣ የልጆቹ ቢጫ ሆነ። ዘዴው ብዙ ዕድሜ አላገኘም። ሱቆች ግን ገዥው ራሱ እያገላበጠ የሚመርጥበትን ሣጥን ሲዘረጉ፣ የሻጩ አንደበት ይሠራ የነበረውን ሥራ ሽፋኑ ተረከበ።

ይህን ዕድል ከማንም በላይ የተጠቀመበት ትንሽ ገንዘብ የነበረው ብሉ ኖት ነው። አልፍሬድ ላየን ኒው ዮርክ ውስጥ በ1939 የመሠረተው ይህ የጃዝ አሳታሚ፣ እንደ እርሱ ከበርሊን የተሰደደው ፍራንሲስ ቮልፍ በቀረጻ ሰዓት የሚያነሣቸው ፎቶዎች ነበሩት። ከ1956 ገደማ ጀምሮ ሪድ ማይልስ የተባለ ዲዛይነር ፎቶዎቹን እየቆረጠ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀለም እየነከረ፣ ፊደሎቹን እያገዘፈና እያጋደለ 500 ያህል ሽፋኖች ሠራ። የቀለሙ ማነስ ከበጀቱ ማነስ የመጣ ነበር፤ ውጤቱ ግን የአንድ ቤት ፊት ሆነና ሰው የሙዚቀኛውን ስም ሳያውቅ «ብሉ ኖት ከሆነ ይሁን» ብሎ ይገዛ ጀመር። ማይልስ ራሱ ጃዝ አይወድም፣ አድማጭነቱም ለክላሲካል ነበር። ሙዚቃ ለመሸጥ ሙዚቃውን መውደድ ግድ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ጥቁር ሙዚቃን ለነጭ ገዥ የማቅረቡ ነገር ግን አሳፋሪ ታሪክም አለው። የጃዝ ሙዚቀኛው ማይልስ ዴቪስ በ1957 ያወጣው «ማይልስ አሄድ» ሽፋኑ ላይ ነጭ ሴት በጀልባ ተቀምጣ ትታይ ነበር፤ ተቃወመ፤ በኋላ በወጡት ኅትመቶች ምስሉ በራሱ ፎቶ ተተካ። በ1961 ደግሞ ባለቤቱ ፍራንሲስ በሌላ አልበሙ ሽፋን ላይ እንድትወጣ አደረገ። ቤሪ ጎርዲ ዲትሮይት ላይ የመሠረተው ሞታውን ራሱን «የወጣቷ አሜሪካ ድምፅ» ብሎ ሲያስተዋውቅ፣ ቀደምት አልበሞቹ ብዙ ጊዜ የዘፋኞቹን ፊት ይደብቁ ነበር። የማርቬሌትስ የ1961 አልበም የፖስታ ሣጥን ሥዕል ይዞ ወጣ። በ1966 የታተመው የአይዝሊ ወንድማማቾች አልበም ሽፋን ላይ የባሕር ዳርቻ ላይ የተቀመጡ ሁለት ነጭ ፍቅረኞች አሉ። የደቡብ ሱቆች የጥቁር ፊት ያለበትን ሸክላ አናስቀምጥም እንዳይሉ የተደረገ ስሌት ነበር፤ ስሌቱ ሠራ፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ዘፋኞቹ ናቸው።

የሮክ ገበያ በተቃራኒው ፊትን ገፋ አድርጎ ጀመረ። የኤልቪስ ፕሪስሊ የ1956 የመጀመሪያ አልበም አፉን ከፍቶ ጊታር ሲመታ ያሳያል፤ ስሙ በሮዝና በአረንጓዴ ፊደል ተጽፏል። በ1967 ፒተር ብሌክና ጃን ሃዎርዝ ለቢትልስ የሠሩት የ«ሳርጀንት ፔፐር» ሽፋን ደግሞ የታዋቂ ሰዎችን ምስል በብዛት ደርድሮ፣ ግጥሞቹን ጀርባው ላይ አትሞ አልበሙን እንደ መጽሐፍ የሚነበብ አደረገው። በ1969 «አቢ ሮድ» ሲወጣ ሽፋኑ ፊት ላይ የቡድኑም ስም የአልበሙም ርእስ አልነበረም፤ አያስፈልግም ነበርና። የሮሊንግ ስቶንስን ቀይ ከንፈርና ምላስ በ1970 የነደፈው ተማሪ ጆን ፓሽ 50 ፓውንድ ተከፈለው። የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ዋናውን ንድፍ በ2008 የገዛው በ92,500 ዶላር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በዚሁ ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ውሳኔ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ወጣቱ አምሃ እሸቴ በ1969 ክልከላውን ጥሶ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመና በጥቂት ዓመታት ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። የመጀመሪያው የአለማየሁ እሸቴ ነበር። አለማየሁ ፀጉሩንና አለባበሱን ከኤልቪስ ተውሶ ለከተማ ወጣት የሚሆን መልክ የሠራ ዘፋኝ ነው፤ በፎቶዎቹ የሚታየው የክራባትና የአፍሮ ዘመን ራሱ የማስታወቂያ ሥራ ይሠራ ነበር። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጭፈራ ዘጋ፤ አምሃም ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ሸክላው ቦታውን ለካሴት ለቀቀ።

ኢትዮጵያዊ ምስል ግን በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በሌላ ሕዝብ እጅ ዓለምን እየዞረ ነበር። ጃማይካ ያደገው የአይላንድ ሪከርድስ ባለቤት ክሪስ ብላክዌል በ1972 ለዌይለርስ ቡድን 4,000 ፓውንድ ሰጥቶ አልበም እንዲሠሩ ላካቸው። ሬጌ እንግሊዝ አገር የሚሸጠው በነጠላ ሸክላ፣ በአብዛኛው ለካሪቢያን ስደተኞች ነበር፤ ሙሉ አልበም የሚገዛው የሮክ አድማጭ የሆነው ተማሪ ነው። ብላክዌል ቡድኑን እንደ ሮክ ቡድን ለመሸጥ ወሰነ። ለንደን ላይ ጊታርና ኪቦርድ አስጨመረ። በ1973 የወጣው «ካች ኤ ፋየር» ሽፋኑ የዚፖ ላይተር ቅርጽ ነበረው፤ ክዳኑ እንደ እውነተኛው ላይተር ወደ ላይ ሲከፈት ነበልባሉ ይታያል። እያንዳንዱ በእጅ ስለሚገጣጠም ወጪው ከብዶ ከ20,000 ያህል ቅጂ በኋላ ቆመ። ተተኪው ሽፋን ቦብ ማርሊ ጋንጃ ሲያጨስ የተነሣው ፎቶ ሆነ፤ ስሙም «ዌይለርስ» የነበረው «ቦብ ማርሊና ዌይለርስ» ተባለ። የቡድኑ አባላት ፒተር ቶሽና በኒ ዌይለር ተለይተው ሲሄዱ ገበያው አስቀድሞ አንድ ፊት መርጦ ነበር።

ከ1976 ጀምሮ የማርሊን ምስል የያዘው ኔቪል ጋሪክ ነው። ጃማይካዊው ጋሪክ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥበብ የተማረ፣ በእምነቱ ራስታ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1966 ኪንግስተን ሲደርሱ የተቀበላቸው የራስታ ሕዝብ የአውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቆት ነበር፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ለጋሪክ የመድረክ ጌጥ ብቻ እንዳልነበሩ ከዚህ ይገባል። በኮንሰርቶች ከማርሊ ጀርባ የንጉሡን ምስል ሰቀለ። የ1977ቱ «ኤክሶደስ» ወርቅማ ሽፋን ላይ ርእሱን የግዕዝ ፊደል በሚያስታውስ አጣጣል ጻፈው። ማርሊ በ1978 ኢትዮጵያን ከጎበኘ በኋላ የወጣው «ሰርቫይቫል» የአፍሪካ አገሮችን ሰንደቅ ዓላማዎች የደረደረ ሲሆን፣ ከላይ ባሮች ተጠቅጥቀው የተጫኑበት መርከብ ንድፍ አለበት። ማርሊ በግንቦት 1981 ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ የታተመው «ኮንፍሮንቴሽን» ደግሞ ዘፋኙን እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ላይ አስቀምጦ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ ያሳያል። ሽፋኑ ሲገለጥ ውስጡ የዐድዋ ጦርነት ሥዕል ነው። እንዲህ ያለ ሽፋን አድማጩን ይመርጣል፤ ታሪኩን የሚያውቀውን ይጠራል፣ የማያውቀውን ይጠይቀዋል።

ቀጥሎ የመጣው የዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው። በ1984 የአይላንድ ኃላፊ የነበረው ዴቭ ሮቢንሰን የማርሊን ምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ሲያዘጋጅ ያሰበው ሬጌ ገዝቶ ለማያውቀው፣ በአብዛኛው ነጭ ለሆነው ሰፊ ገበያ ነበር። «ሌጀንድ» የተባለው ይህ አልበም ዝርዝሩን ለፍቅርና ለሰላም ዘፈኖች አደላ። ከ«ሰርቫይቫል» አንድም ዘፈን አልገባም። ኃይለ ሥላሴ በ1963 ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ካደረጉት ንግግር የተወሰደው «ዋር»ም ቀረ። ሽፋኑ ላይ ዘንዶም መርከብም የለም፤ እጁን አገጩ አጠገብ አድርጎ የሚያስብ ረጋ ያለ ሰው ፎቶ ነው። አልበሙ ከ25 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፣ በ«ቢልቦርድ» ሰንጠረዥም ከ800 ሳምንት በላይ ቆይቷል። ዓለም የሚያውቀው ማርሊ በአመዛኙ ይህኛው ነው። እንደ ገበያ ሥራ እንከን አይወጣለትም፤ ዐድዋን ሽፋኑ ውስጥ ያስገባው ሰው ግን በዚህ ምስል ውስጥ የለም።

ከዚያ በኋላ ምስል ተንቀሳቀሰ፣ ሽፋንም አነሰ። ኤምቲቪ በነሐሴ 1981 ሥርጭት ጀመረና የሙዚቃ ቪዲዮ ዋናው ማስታወቂያ ሆነ። በ1982 ገበያ የወጣው ሲዲ የሽፋኑን ስፋት ወደ አንድ ሰባተኛ ገደማ አወረደው። የካሴት ሽፋን ከዚያም ያንስ ነበር፤ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤቶች የዘፋኙን ፊት፣ ስሙንና የሙዚቃ ቤቱን ስም አትመው ይረካሉ፤ አገር ቤት ያለው ገዥ ዘፋኙን ስለሚያውቀው ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ አያሻውም። አሜሪካ ውስጥ ወላጆችን ለማስጠንቀቅ ከ1990 ጀምሮ በአንድ ወጥ መልክ የተለጠፈው ጥቁርና ነጭ ምልክትም ለወጣቱ የግዢ ግብዣ ሆኖ አረፈው።

ለውጭ አድማጭ ግን ኢትዮጵያዊው ዘፈን መግቢያ ያስፈልገው ነበር። በ1986 የቤልጅጉ ክራምድ ዲስክስ የማሕሙድ አሕመድን «እረ መላ መላ» አሳተመ። በ1987 የብሪታንያ ትናንሽ አሳታሚዎች ለንደን ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው፣ ቦታ ያጣውን የውጭ አገር ሙዚቃ ሁሉ ሱቅ ውስጥ «የዓለም ሙዚቃ» በሚል አንድ መደርደሪያ ለማስቀመጥ ተስማሙ። ይህ መደርደሪያ በተለመደበት ዘመን፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ ጋር «ኤትዮፒክ» የተባለውን ተከታታይ ጀመረ። መልኩ ቆጣቢ ነው፤ አንድ የማይለወጥ ስም፣ ተራ ቁጥር፣ የዘመኑ ፎቶ፣ ውስጡ ረጅም የታሪክ ጽሑፍ። ቁጥሩ ትልቅ ዘዴ ነበር፤ አራተኛውን የገዛ ሰው አምስተኛው ይቀረዋል። ያ አራተኛው የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ሲሆን፣ ጂም ጃርሙሽ በ2005 ፊልሙ ውስጥ ሲጠቀምበት ተከታታዩ ከጃዝ ሰብሳቢዎች አልፎ ብዙ አዲስ አድማጭ አገኘ። ቁጥሩ በኋላ 30 ደረሰ።

«ኤትዮፒክ» የአምሃንና የዘመኑን አሳታሚዎች ሥራ ከመጥፋት አድኗል። ይሁንና «ወርቃማው ዘመን» የሚለው ማሸጊያ የራሱ ጥላ አለው። ክራባትና አፍሮ ያለበት አሮጌ ፎቶ የኢትዮጵያ ሙዚቃ በ1974 ያለቀ ያስመስለዋል፤ በሰዓት እላፊ ውስጥ በካሴት የኖረው የነሮሃ ባንድ ዘመን ለአውሮፓው ገዥ ያንን ያህል አልታየውም። ማሸጊያ ያልደረሰለት ዘመን ገበያ ላይ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

በ2003 የአይቲዩንስ መደብር፣ በ2008 ስፖቲፋይ ሲመጡ ሽፋኑ በስልክ ስክሪን ላይ የጣት ጥፍር አከለ። ዲዛይነሮች ዝርዝሩን ትተው ወደ አንድ ቀለም፣ ወደ አንድ ፊት፣ ወደ ጥቂት ትልልቅ ፊደሎች ተመለሱ። የቻርሊ ኤክስሲኤክስ የ2024 «ብራት» የዚህ ጫፍ ነው፤ ደማቅ አረንጓዴ መደብ ላይ ደብዘዝ ያለ አንድ ቃል ብቻ። ማንም ሰው በቃሉ ምትክ የራሱን ጽፎ ሊያሰራጨው ይችላል፤ ብዙዎችም ይህንኑ አደረጉ፤ በዚያው ዓመት የካማላ ሃሪስ የምርጫ ዘመቻ ሳይቀር ቀለሙን ወሰደው።

ትልቁ ሽፋን ግን አልሞተም። በ2022 አሜሪካ ውስጥ 41 ሚሊዮን ሸክላ ሲሸጥ ሲዲ 33 ሚሊዮን ላይ ቀረ፤ ሸክላ በቁጥር ሲዲን ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ሉሚኔት የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት ደግሞ ሸክላ ከሚገዙት አሜሪካውያን ማጫወቻ ያላቸው ግማሾቹ ብቻ ናቸው።